ታቦቱ በየት ያልፍ ነበር

ሰኞ፣ የካቲት 2። ከቀኑ 8 ሰዓት

ዛሬም ገመድ ያዥ። የክፍሌ ልጆች የሴሚስተር እረፍታቸውን ተኝተው ይጨርሳሉ፣ እኔ የሃምሳ ሜትር ገመድ ጫፍ ይዤ ሳር ላይ ተተክያለሁ። ሌላኛውን ጫፍ የያዙት ጋሼ መንገሻ ናቸው። የእማዬ ታላቅ ወንድም። ዶ/ር። የድሮ ከተሞችንና የድሮ ካርታዎችን ታሪክ ሲያጠኑና ሲያስተምሩ ጸጉራቸው ያለቀ፣ አምና ጡረታ የወጡ። ከገና በኋላ ከአ.አ. መጡልን፤ አንድ ሻንጣ ልብስ፣ ሦስት ሻንጣ ወረቀት። (አየህ ደብተሬ፣ አንተ ላይ እንኳን አንቱ ማለት አለቀቀኝም። ከፊትህ ሂሳብ፣ ከኋላህ ሐሜት፤ ግን ሐሜቱም በአክብሮት።)

የመጨረሻ መጽሐፋቸውን እየጻፉ ነው። ከቤተ ክርስቲያኖቹ አጠገብ የነበረው አሮጌው ሰፈር፣ ቤት በቤት፣ በካርታ። ችግሩ ሰፈሩ የለም። ሰዉ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፣ ክብ የድንጋይ ቤቶቹ ፈረሱ፣ ሜዳው ሳር አበቀለ። ጋሼ የሌለ ሰፈር ነው የሚለኩት። በዚህ ከተማ ከሳቸው የባሰ ሥራ ያለው የሌሊት ዘበኛ ብቻ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በቀን ሁለት ሽማግሌ ይጠራሉ። ሽማግሌው ሳሩ ላይ ይራመዳል፣ ግቢዬ እስከዚህ ድረስ ነበር ይላል፣ እኔ ድንጋይ አስቀምጣለሁ፣ ገመድ እንዘረጋለን፣ ጋሼ ይጽፋሉ። አራት ድንጋይ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ በየድንጋዩ አንድ ታሪክ አለ፣ በየታሪኩም ውስጥ ሽማግሌው ጀግና ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3። ከምሳ በኋላ

የዛሬው ተረኛ አያ ደምሴ። የቤ/ክ ዘበኛ የነበሩ፣ አሁን የሰው ሁሉ ዘበኛ የሆኑ። ከደረሱበት ጀምሮ ለቀቅ አላደረጉኝም። ገመዱን እንደ ፍየል ነው የምትይዢው አሉ። ቀሚስሽ አጠረ አሉ። ሱሪ ነው የለበስኩት። ጋሼ ራቅ ብለው ሲጽፉ ደግሞ ወደኔ ጠጋ አሉና፣ እኚህ አጎትሽ ያን ሁሉ ዘመን ተምረው መጨረሻቸው ሳር መለካት ሆነ ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ይቺ ግን ወጋችኝ። ፊቴን እንደ ንስሐ አባት አኮስተርኩ።

«አልሰሙም እንዴ አያ? ድሮ ሰፊ ግቢ ለነበረው ሰፊ ቦታ ሊሰጥ ነው እኮ። ምስጢር ነው ብለው ነው ዝም ያሉት።»

«ተይ እንጂ» አሉ። ጢማቸውን አከኩ። ከዚያ በኋላ እስክንበተን አንድ ነገር አልተናገሩኝም። ቤት እስክገባ ድረስ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5። ከቀኑ 10 ሰዓት

ደብተሬ፣ ጉድ ነው።

ጋሼ የጠሩት ሁለት ሰው ነበር። ጠዋት ሜዳው ላይ ስንደርስ አሥራ አንድ ሽማግሌ ቆሟል። የክት ልብስ የለበሰ አለ። የቅበላ ሳምንት ነው፣ በየቤቱ ሥጋ አለ፤ እነሱ ግን ሥጋውን ትተው ሳር ላይ። ጋሼ ደስ አላቸው። ሰዉ ለታሪኩ ተቆርቋሪ ሆነ አሉ።

መ/ጌታ ልሳነወርቅ ባለፈው ሳምንት ግቢያቸው አህያ እንኳን የማታዞር እንደነበረች ምለው ነበር። ዛሬ «ነገሩ ሲውል ሲያድር ነው ለካ የሚታወሰው» ብለው ድንጋያቸውን በመቋሚያቸው እየገፉ ስድስት እርምጃ ወሰዱት። አያ ደምሴ ከመ/ጌታ ትይዩ ነበሩ፤ አዩና የራሳቸውን ስምንት ወሰዱ። ትንሽ ቢተዉ የዮርዳኖስን ወንዛችንን ከነድልድዩ ግቢያቸው ያስገቡ ነበር። ሌሎቹም እንደዚያው። አንዱ የፍየል በረት ትዝ አለው፣ አንዱ የእህል ጎተራ፣ አንዱ ጽድ ተከላ።

መጀመሪያ ሳቄን በሻሽ አፍኜ ያዝኩ። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ሳቁ ሄደ። ጋሼ ሁሉንም ይጽፋሉ። እያንዳንዷን። ከታች ደግሞ የተናገረውን ሰው ስምና ቀኑን።

ነገ እነግራቸዋለሁ።

እሑድ፣ የካቲት 8። ከቀኑ 9 ሰዓት

አልነገርኳቸውም።

ቅበላ ነው። ከነገ ጀምሮ ሁለት ወር ገደማ ጾም ነውና ቤቱ ሁሉ ይበላል። እማዬ ዶሮ ሠርታለች። ጋሼ ሁለት ጉርሻ ጎርሰው ተነሡ፣ ወደ ጠረጴዛቸው። ሄጄ በትከሻቸው በኩል አየሁ።

በሰፈሩ መሐል መንገድ ነበረ። ጥምቀት ሲሆን ታቦቱ የሚያልፍበት፣ ሰዉ ሁሉ በየበሩ ቆሞ የሚቀበልበት። ይኼን ማንም አይክድም። ጋሼ ካርታው ላይ ሁሉንም ግቢ በየልኩ አስገቡና መንገዱ ጠፋ። ጠበበ ማለቴ አይደለም። የለም። የመ/ጌታና የአያ ደምሴ ግቢ በሁለት ክንድ ተደራርቧል። ከነሱ ወዲያ ያሉትም እንደዚያው ተላትመዋል።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ታቦቱ በየት አለፈ?» አሉ። እኔን አይደለም። ወረቀቱን።

የተረፈኝን ዶሮ ለእማዬ መለስኩላት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል

ትናንትም ዛሬም ስንለካ ዋልን። ያው ድንጋይ፣ ያው ገመድ፣ ያው ቁጥር። ጋሼ ገመዱ ላልቶ ይሆናል ብለው ከሱቅ ሌላ ገዙ። ያም አንድ ዓይነት ሆነ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጠሩ። አንዱን ዓይን እየሸፈኑ ወደ አሸተን ተራራ ያያሉ፣ ደግሞ ሌላውን። እየተመለስን ሳለ ድንገት ቆሙና ያልጠየቅኋቸውን ነገሩኝ።

ወጣት ሆነው፣ በመጀመሪያው መጽሐፋቸው፣ የአንዲት የጥንት የገበያ ከተማ ካርታ ሠርተው ነበር። ቦታውን የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው ነገሯቸው፤ ነጋሪው የተከበረ ነውና ሄደው ሳይረግጡ ሳሉት። መጽሐፉ ወጣ፣ ተመሰገነ። አንድ ቀን አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ሲያስረዱ ከኋላ አንድ ተማሪ ተነሥቶ፣ እኔ የዚያ አገር ልጅ ነኝ፣ ገበያው ከወንዙ ወዲያ ማዶ ነው አለ። እውነቱን ነበር። ሳቅ አልነበረም አሉ ጋሼ። ሳቅ ቢሆን ይሻል ነበር። ከዚያ በኋላ የአንድን ሰው ቃል ብቻ ይዘው አንዲት መስመር አስምረው አያውቁም። አርባ ዓመት።

ይኼን ሰምቼ ምን አልኩ? አብሽሩ ጋሼ አልኩ። አብሽሩ። ምላሴ ለማላገጥ ሲሆን አራት ክንድ ነው።

ቤት እንደገባን ከአሳታሚው ተደወለላቸው። ካርታው ሰኞ፣ የካቲት 16 ካልገባ ማተሚያ ቤት የተያዘልን ተራ ይቀራል ተባሉ። ይደርሳል አሉ። ድምፃቸው እንደ ተጠየቀ ተማሪ።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ጠዋት ልነግራቸው ተነሣሁ። እማዬ ነበረች። ቀን ልነግራቸው ነበር። አያ ደምሴ መጡ፣ ሌላ ጽድ ትዝ ብሏቸው። ከሰዓት ብቻችንን ነበርን፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ። ስለ ባጃጅ ዋጋ አወራሁ።

እማዬ ምን ሆነሻል አለችኝ። የጾም ምግብ አልተስማማኝም አልኩ። ሁለተኛ ውሸት፤ የመጀመሪያውን አጃቢ።

ዓርብ፣ የካቲት 13። ከቀኑ 11 ሰዓት

ቶሎ ቶሎ ልጻፈው።

ከቅዳሴ መልስ ስገባ ጋሼ ወረቀቶቹን ወደ ሻንጣ እየመለሱ ነበር። በሥርዓት፣ ሉክ በሉክ። እማዬ አጠገባቸው ቆማ ተው እያለች። ሰከን ብለው ነው የሚያስረዷት። ካርታው አልገጠመም፤ ሽማግሌዎቹ ያን ሁሉ ሰው ሆነው አይሳሳቱም፤ ስለዚህ የተሳሳተው ለኪው ነው፤ እጁ የደከመ ሰው መተው ያለበትን ጊዜ ማወቅ አለበት። መጽሐፉ ያለ ካርታ ይውጣ ወይም አይውጣ። ካሁን በኋላ አልስልም አሉ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

አልሰሙኝም። ደገምኩት። ከዚያ ሁሉንም፤ አያ ደምሴን፣ ፍየሏን፣ ሰፊ ቦታ ያልኩትን፣ ፊቴን ማኮስተሬን ጭምር። እማዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ጋሼ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ይመቱኛል ብዬ ነበር፤ ምነው በመቱኝ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ለስንት ሰው ነገርሽ?

«ለአንድ።»

«ለአንድ ብቻ?»

«ለአያ ደምሴ።»

«እሱ ይበቃል» አሉ። ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤ አልነበረም።

እንግዲያው ነገ ሁሉንም ጠርተን እውነቱን ይናገሩ እንበላቸው አልኩ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ምን ብለን? መ/ጌታን ዋሽተዋል ልትያቸው ነው? አያ ደምሴን በሰው ፊት ውሸታም ልትያቸው ነው? በዚህ አገር ሽማግሌ አንዴ ምሎ የተከለውን ድንጋይ ውሸት ነው ብትዪው ሞቶ ነው የሚሟገትልሽ፤ ልጁም ይቀጥልልሻል። መመለሻ በር ሳይከፈትለት የሚመለስ ሽማግሌ የለም አሉ።

በሩ እኔ መሆኔ ወዲያው ገባኝ። እነሱ ሳይሆኑ እኔ ነኝ የዋሸሁት ብዬ ሁሉም ባሉበት መቆም። ውሸቱ በሙሉ የኔ ከሆነ እነሱ የተታለሉ እንጂ የዋሹ አይደሉም።

አላስገድድሽም አሉ። ሻንጣው ግን አሁንም እንደተከፈተ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ጋሼ ከቤት ቤት እየዞሩ ጠሩ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሜዳው ላይ። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም፤ ስለዚህ ሁሉም ይመጣል።

እማዬ ከትናንት ጀምሮ አላናገረችኝም። ሳህኔን ግን ሞልታ ነው የምታቀርበው። እንዲህ ያለ ዝምታ ከባድ ነው።

የምናገረውን አሥር ጊዜ ጻፍኩ፣ አሥር ጊዜ ቀደድኩ። የሂሳብ ገጾችህን ነው የጨረስኩት። ይቅርታ።

እሑድ፣ የካቲት 15። ከቀኑ 9 ሰዓት

ሁሉም መጡ። እማማ ጥሩሰው ሳይቀሩ፣ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው። የአያቴ ጎረቤት ነበሩ፤ ሰማንያን ያለፉ፣ እስከዛሬ ጋሼ ለልኬት ያልጠሯቸው። ሽማግሌዎቹ እያንዳንዳቸው ድንጋያቸው አጠገብ ቆመዋል፤ ሰው እንዳይገፋባቸው።

ጋሼ፣ ይቺ ልጅ የምትለው አላት አሉና ወደ ኋላ አሉ።

የጻፍኩት ሁሉ ጠፋኝ። ሰፊ ግቢ ለነበረው ሰፊ ቦታ ይሰጣል ያልኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አልነገረኝም፣ ከራሴ ፈጥሬ ነው፣ አጎቴም አያውቁም ነበር፣ ይቅር በሉኝ። በቃ። ጎንበስ ብዬ ቀረሁ። ሳሩን ነው የማየው።

እማዬ ከኋላ ስታለቅስ ይሰማኛል።

መጀመሪያ የተናገሩት አያ ደምሴ ናቸው። «እኔማ የዚያኑ ዕለት አላመንኩሽም ነበር። ዓይንሽ ያስታውቃል።»

«እኔም ነገሬ ብዬ አልሰማኋትም» አለ አንዱ።

«ምኑ ይሰማል የልጅ ነገር» አለ ሌላው።

መ/ጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የዚያን ቀን ፀሐይ መትቷቸው እንደነበረ ተናገሩ። ራስ ምታቱ እስካሁን እንዳለ። በድንጋይ ቀርቶ በስማቸውም እርግጠኛ እንዳልነበሩ። አንድም ሰው አልሳቀም፤ እኔ ነበርኩ የምስቀው፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን።

ከዚያ አያ ደምሴ ለሁሉም ፈረዱ። ልጅቱ ምላሷ ክፉ ነው፤ ግን ቆማ ተናግራለች፤ ቀና በይ። ዋሾ ብለው ጨመሩበት። ቀና አልኩ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ከተማ ስሜ ይኼ ነው፤ ዋሾዋ ብርቄ። ልጅ እስክወልድ ይከተለኛል፤ ልጄንም የዋሾዋ ልጅ ይሉታል።

ጋሼ ግቢያችሁን እንደገና አሳዩኝ አላሉም። ድንጋዮቹን ሁሉ አንሺ አሉኝ። አነሣሁ። ሜዳው ባዶ ሆነ። ያኔ ጠየቁ፦

«ጥምቀት ሲሆን፣ ታቦቱ በዚህ ሲያልፍ፣ እያንዳንዳችሁ በራችሁ ላይ የት ቆማችሁ ነበር የምትቀበሉት?»

ደብተሬ፣ ብታይ። መ/ጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ አንድ ቦታ ሄዱ፣ ወደ ግራ ትንሽ አሉ፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ፣ ቆሙ። ነጠላቸውን ለታቦት እንደሚለበሰው አደረጉት። አያ ደምሴ ተከተሉ። ከዚያ ሌላው፣ ሌላው። የሚያስጠጋ የለም፣ የሚገፋ የለም። ታቦት በሚያልፍበት ላይ ማን ይቆማል? ግቢን ማስፋት ይቻላል፤ እግርን ታቦት መንገድ ላይ መትከል ግን ማንም አልደፈረም። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሽማግሌዎቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው፣ በመሐላቸው መንገዱ ተከፍቶ አየሁት። ሰፊ። እስከ ታች።

አንድ ሰው ብቻ መሐሉ ላይ ቆሟል። ጋሼ።

የአያቴ በር ላይ ነበር የቆሙት። የሚያውቁት በር ላይ። ካርታው ሁሉ ከዚያ በር ነው የተነሣው፤ የመጀመሪያዋ ነጥብ እሷ ነች፣ ሌላው ሁሉ ከሷ ተለክቶ ነው የተሳለው።

እማማ ጥሩሰው ከረድፉ ወጡ። «አንተ መንግሥ፣ ታቦት መንገድ ላይ ምን ታደርጋለህ?»

«እማማ፣ የአባቴ በር ነው።»

«የአባትህ በር እዚህ ከኔ በር ጎን ነው። ና።»

ጋሼ አልተንቀሳቀሱም። ግቢው ከበሩ እስከ ቤቱ ሃያ እርምጃ ነበር፣ ሮጬ ነው የምጨርሰው፣ አውቀዋለሁ አሉ። ድምፃቸው የዶ/ር አልነበረም። እማማ ሌሎቹን አላዩም፤ ክንዳቸውን ያዙና ቀስ ብለው ተናገሩ። «በአሥራ ሁለት ዓመትህ ነው ለትምህርት የወሰዱህ። አባትህ ሰፊ ግቢ ኖሯቸው አያውቅም። እግርህ አጭር ስለነበር ነው።»

መ/ጌታ ራሳቸውን ነቅንቀው አረጋገጡ። አያ ደምሴም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ታሪክ። እውነት ነው፣ እዚያ ነበር።

ጋሼ እኔን አዩኝ። ምን እንደሚፈልጉ አላወቅኩም። ገመዱን አነሣሁ። እሳቸው ከቆሙበት እስከ እማማ ጥሩሰው ጎን፤ ሰባት ሜትር ከአርባ። ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ ደግሜም። አልጻፉትም። ወደዚያ ሄዱና ቆሙ።

ያው እሑድ። ከምሽቱ 1 ሰዓት

ሁሉም የቆመበትን ከእማማ ጥሩሰው በር ተነሥተን ለክተን ተመለስን። ጋሼ ምሳም አልበሉም። ሁለት ሰዓት ሙሉ የድሮውን ካርታ አዩት። ውሸቱን ብቻ ብናወጣ ይተርፋል ብዬ ነበር የማስበው። አይተርፍም። መነሻው ሰባት ሜትር ከተዛነፈ የተነሣው ሁሉ ተዛንፏል፤ እውነት የተናገሩትም ያለ ቦታቸው ነው የተሳሉት። እኔ ባልዋሽም ኖሮ መንገዱ ይጠብ ነበር። ይኼ ያጽናናኛል ወይ? ትንሽ። ሰው ሲጎዳ በማየት የሚገኝ መጽናኛ ግን አይጥምም።

ሥራዬ ብዬ ሻይ ይዤ ገባሁ። ሁሉን ሰው ሁለት ሦስት ምስክር አስጠራሁ አሉ፣ ራሴን ግን አንድም። ሌላ አልጨመሩም። እኔም አላላገጥኩም፤ አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

ስልካቸውን አነሡ። አ.አ. ደወሉ። ካርታው ነገ አይገባም አሉ። ሰውየው ብዙ ተናገረ፤ ድምፁ እስከ በሩ ይሰማል፤ ተራው እንደሚሄድ፣ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ እንደማይታወቅ፣ ምናልባትም ጭራሽ። ጋሼ እስኪጨርስ ሰሙት። «ይሂድ» አሉ። የቆረጣችሁልኝን የመመለሻ የአውሮፕላን ትኬትም ለሌላ ሰው ስጡት አሉ። እዚሁ ነኝ፣ እስኪያልቅ።

አዲስ ሉክ ዘረጉ። ጥግ ጥጉን በመጻሕፍት ተጫኑት። የመጀመሪያዋን ነጥብ ከእማማ ጥሩሰው በር ላይ አኖሩ፣ ከሥሯ ስማቸውንና የዛሬውን ቀን ጻፉ። ከዚያ የመንገዱን ሁለት ጠርዝ። የመ/ጌታን። የአያ ደምሴን። የአያቴ ቤት ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«አንቺ ሳዪው» አሉኝ። «እኔ ከሳልኩት እጄ መልሶ ያሰፋዋል።»

ከመቀመጫቸው ተነሡልኝ። ተቀመጥኩ። እማማ ጥሩሰው የነገሯቸውን ልክ ከማስታወሻቸው እያየሁ፣ ማስመሪያውን አጥብቄ ይዤ። በሩን፣ ግራ አጥሩን፣ ቀኝ አጥሩን፣ ቤቱን ክብ። ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞረው ቆሙ።

ጨረስኩ አልኩ። መጥተው አጎንብሰው አዩት። በሁለት ጣታቸው ከበሩ እስከ ቤቱ ለኩት። ዘጠኝ እርምጃ።

በዚች ውስጥ ስምንት ልጅ አደግን አሉ።